የማንሻ ገመድ ሽቦው ሲበጣጠስ፦ ይሠራል ወይስ ይጣላል?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በምንሠራው ሕንፃ ፌሮ በክሬን የምናወጣው በ12 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ ነው። አንዱ ገመድ ላይ የተበጠሰ ሽቦ ጓንት እየያዘ አስቸገረን። ሠራተኞቹ «እስካሁን ችሏል» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ያውጡት። የብረት ገመድ ሽቦ በሽቦ ነው የሚያልቀው፤ ትናንት መቻሉ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።

መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት። የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ከግሪስ ጋር ሲቦካ እንደ ሞረድ የውስጡን ሽቦ ይበላል፤ ላዩ ደህና ይመስላል። ሲፈትሹ እጅዎን አያንሸራቱ፤ ጨርቅ ይዘው ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይሂዱ።

ከዚያ ይቁጠሩ። ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ጉንጉን (አንድ ላይ ከተገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች) የተሠራ ነው። አንዱን ጉንጉን በጠመኔ ምልክት አድርገው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ይከተሉት፤ በ12 ሚሊ ገመድ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያ ርዝመት ውስጥ በድምሩ 10፣ ወይም በአንዱ ጉንጉን ብቻ 5 የተበጠሰ ሽቦ ካገኙ ገመዱ ይወገዳል። የሚቆጠረው የባሰበት ቦታ ነው፤ በሙሉው ገመድ ላይ ተበታትኖ ያለ 12 ስብራት አንድ ቦታ ከተከማቸ 5 ይሻላል። የላይኛው ሽቦ ውፍረቱ ሲሶው ከተበላ፣ ገመዱ ከተጠመዘዘ፣ ከተጨፈለቀ፣ ጉንጉኑ ተፈትቶ ካበጠ ወይም የብየዳ እሳት ካገኘው ቁጥር አያስፈልግም፤ ይጣላል። በዓይኑ (በገመዱ ጫፍ ባለው ቀለበት) ማሰሪያ ሥር ስብራት ካዩም እኔ ቆጠራ አልጠብቅም።

መንጠቆውንም ይለኩ፤ አፉ ከመጀመሪያ ልኩ ከ5 በመቶ በላይ ከተከፈተ ይቀየር። በሻክል (ገመዱን ከመንጠቆ ጋር በሚያያይዘው የU ቅርጽ ብረት) ፒን ፋንታ ቡሎን ወይም ቁራጭ ፌሮ የገባበት ካለ ዛሬውኑ ያስወጡት።

ገመዱ ለምን ተጎዳ የሚለውም መታየት አለበት፣ አለዚያ አዲሱም በቶሎ ያልቃል። ፌሮ ረጅም ስለሆነ ሁለቱን ገመድ ማራራቅ ይለመዳል። አንድ ቶን ሲነሣ ገመዶቹ ከአግድሙ በ60 ዲግሪ ከቆሙ እያንዳንዱ 577 ኪሎ ይሸከማል፤ በ30 ዲግሪ ከተዘረጉ ግን እያንዳንዱ ሙሉ 1,000 ኪሎ! ስለዚህ ረዘም ያለ ገመድ ይጠቀሙ፣ ከ45 ዲግሪም አይውረዱ። ፌሮው እንዳይሾልክ ገመዱን ሁለት ጊዜ ጠቅልለው ያንቁት፣ ማለትም ጫፉን በራሱ ዓይን አሾልከው ያጥብቁት፤ ማነቅ ራሱ የገመዱን አቅም በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ግን ያስቡበት። የአቅም መለያው የጠፋ ገመድ ጨርሶ ጭነት አያንሣ።

የተበላሸውን ቆርጦ በክላምፕ መቀጠል አይሞከርም። ከሁለት ከሦስት ቦታ በግራይንደር ያስቆርጡት፤ ጥግ ላይ የተወረወረ ገመድ በማግስቱ ክሬን ላይ ተመልሶ ይገኛል።