ኮች፣ ቀብር ልሂድ ወይስ ልምምድ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የማሰለጥነው ልጅ በማታ ደወለና «ኮች፣ አብሮ አደጌ ሞተ፣ ቀብሩ ነገ ነው፣ ማናጀሬ ግን ውድድርህ ደርሷል አትሂድ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» አለኝ። ሂድ አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ግን እስኪነጋ እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም።

እኔም ጓደኛዬን ከቀበርኩ ገና አንድ ወር ነው። ማታ ደህና አምሽቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ተኛ፣ ጠዋት ሲቀሰቅሱት የለም። 56 አመቱ ነበር። የተዋወቅነው ጃንሜዳ ነው፣ እኔ ስፓይክ፣ ባለ ሹል የሩጫ ጫማ፣ ስላልነበረኝ የሱን ትርፍ አዋሰኝ፣ ሁለት ቁጥር ይሰፋኛል፣ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ነው የሮጥኩት። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምን ሰዉ ሁሉ ስለ ሩጫ አጨራረሱ ሲያወራ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱን ደሞ እዛ ከተቀመጠው ሰው ማንም አያውቅም።

ያኔ ለአገር አቋራጭ አውሮፓ ሄደናል። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ቡድን መሪው ኮሪደር ላይ ያዘኝና «የጓደኛህ እናት አርፈዋል፣ ትንፍሽ እንዳትል፣ አገር ቤት ስንገባ ይረዳል» አለኝ። እሺ አልኩ። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው፣ ሁለት አልጋ፣ መሀል ላይ አንዲት መብራት። በማግስቱ ገበያ ወጣንና ለእናቱ ሻርፕ ሊገዛ ሁለት አነሳ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ። «ለእማዬ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ቡናማው አልኩት። ሂሳቡን እስኪከፍል መስኮቱ ጋር ሄጄ ውጪውን የማይ መሰልኩ። ማታ ሻርፑን አጣጥፎ ሻንጣው ላይ አደረገና ተኛ፣ እኔ ሲተነፍስ እየሰማሁ አደርኩ።

ሮጠ፣ ጥሩም ገባ። አዲስ አበባ በገባን በማግስቱ ሌሊት 11 ሰአት ላይ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ፣ እኔም ከኋላቸው ነበርኩ። ሲነግሩት አላለቀሰም መጀመሪያ፣ ቀና ብሎ እኔን ነው ያየኝ። ገባው።

ክረምቱን ሙሉ አላናገረኝም። መስከረም ላይ እንጦጦ ጫካ ብቻዬን ስሮጥ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ መጣና ጎኔ ገባ፣ ሰላም እንኳን ሳይለኝ «ዳገቱን ልሰራ ነው፣ ሰአት ያዝልኝ» አለ። ያዝኩለት። ከዛ ወዲህ ልጆቹን ክርስትና አንስቻለሁ፣ ስንቱን አብረን አሳልፈናል፣ ያን ነገር ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ይቅርታ አላልኩትም። ሁሌ ቀን አለ እላለሁ።

እናንተ ደሞ ሰው ሲሞትባችሁ ፎቶውን ለጥፋችሁ፣ የተሰበረ ልብ አድርጋችሁበት፣ በነጋታው ፔስ፣ የሩጫው ፍጥነት፣ ስንት ነበር ትባባላላችሁ። ልጆቼ፣ ቀብር ሂዱ፣ ሰልስቱ እስኪወጣ ተቀመጡ፣ በሶስት ቀን የሚጠፋ አቅም የለም። አልዋሽም፣ የድሮ ሯጮች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እኔም ሻማ ለጥፌያለሁ።

ግን ሩጡ አትሩጡ ብዬ መፍረድም አልችልም። ቀነኒሳን አስታውሱ፣ ታህሳስ 1997 እጮኛው አለም ተቻለ አብራው ልምምድ ላይ እያለች ወድቃ ሞተች፣ የ1500 ሜትር ሯጭ ነበረች፣ ገና 18 አመቷ። መጋቢት ላይ ፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን ሄዶ በአለም አገር አቋራጭ 4 ኪሎ ሜትሩንም 12 ኪሎ ሜትሩንም አሸነፈ። ልቡ ውስጥ ምን እንደነበረ እሱ ነው የሚያውቀው፣ እሱ ግን ሀዘኑን አውቆ ነው የሮጠው፣ ማንም አልደበቀውም። የኔን ጓደኛ ግን እኛ ነን ሳያውቅ ያስሮጥነው።

እኔም የጓደኛዬ ሰልስት በወጣ ማግስት፣ በዚህ ጉልበቴ፣ እንጦጦ ወጣሁ። ግማሹን በእግሬ ነው የሄድኩት።

ልጁ ቀብር ሄዶ ሀሙስ ተመለሰ። ዳገት ሰራ፣ አይኑ እንዳበጠ ነው። ጨርሶ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ «ኮች፣ ስንት ገባሁ?» አለኝ። ሰአቱ መጥፎ ነበር። እንዳለ ነገርኩት።