ሥራችሁን የሚረከበውን ሰው አስቡ፤ ለወጣት የቴሌቪዥን ዜና ባለሙያዎች

ውድ ወጣቶች፣

ከጋዜጠኝነት ትምህርት ወጥታችሁ እዚህ ባሕር ዳር የቴሌቪዥን ሥራ የምትጀምሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ጥሩ ሪፖርተር ለመሆን ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ተመልካቹ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ የሚያየው አጭር ዘገባ ስምሪት ባወጣው፣ መኪና በነዳው፣ በቀረጸው፣ በጻፈው፣ ምስሉን ባቀናበረውና ጽሑፉን ባረመው ሰው እጅ ሁሉ ያለፈ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክራችሁ ሥራውን ከእናንተ የሚረከበውን ሰው እያሰባችሁ እንድትሠሩ ነው። መዋደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን እጅግ የሚዋደዱ ባልደረቦች ደካማ ዘገባ ሲያወጡ፣ ከሥራ ውጭ እምብዛም የማይገናኙ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያዎች ደግሞ ግሩም ዘገባ ሲያወጡ አይቻለሁ።

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከተነገረበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ በዚህ ከተማ ያለን ጋዜጠኞች ደጋግመን የሠራነውን ዘገባ ለምሳሌ እንውሰድ። ቡድኑ ጠዋት ተነሥቶ የጎንደርን መንገድ ይዞ ወደ ፎገራ ወይም ወደ ሊቦ ከምከም የሐይቅ ዳርቻ ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ሪፖርተሩ ስልኩን ሲነካካ፣ የካሜራ ባለሙያው ደግሞ ሲያንቀላፋ ከደረሱ ዘገባው መንገድ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጉዳዩ መረቡን መጣል ስላቃተው ዓሣ አጥማጅ ነው ወይስ የግጦሽ መሬቱ በአረሙ ስለተወረረበት ገበሬ? ይህን ያልተነገረው የካሜራ ባለሙያ የሐይቁን ስፋት፣ ወፎቹንና በውሃው ላይ የሚያንጸባርቀውን ፀሐይ አሳምሮ ይቀርጻል፤ ማታ ጽሑፉ ስለ መረብ እየተናገረ ኤዲተሩ ወፍ ለማሳየት ይገደዳል። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ተነጋገሩ። ሹፌሩንም ከጨዋታው አታውጡት፤ ከመኪና መንገድ ወደ ውሃው የሚያስገባውን አቋራጭና አስቀድሞ ሰላም ሊባሉ የሚገባቸውን የአካባቢውን ሽማግሌ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ዳርቻው ላይ ስትደርሱ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ የሚነቅል ገበሬ አገኛችሁ እንበል። የካሜራ ባለሙያው መጀመሪያ ሰውየውንና በዙሪያው የተንጣለለውን አረንጓዴ በሎንግ ሾት ይይዛል፤ ከዚያ በሚዲየም ሾት ጎንበስ ቀና ማለቱን፣ በመጨረሻም በክሎዝ አፕ እጁንና ውሃ እያንጠባጠበ የሚወጣውን ጥቁር የሥር ጭፍግ ይቀርጻል። እያንዳንዱንም ካሜራውን ሳያንቀሳቅስ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ መያዝ አለበት፤ ምክንያቱም ለኤዲተሩ የ3 ሰከንድ ምስል መስጠት ምንም እንዳለመስጠት ይቆጠራል። ሥሩ ከውሃው ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ዘገባ ነውና፣ ያ ድምፅ እስኪቀረጽ ድረስ ሪፖርተሩ ዝም ማለትን ይልመድ። ቃለ መጠይቅ ሲደረግም ሰውየውን ፀሐይ ለሚያንጸባርቅበት ውሃ ጀርባውን ሰጥታችሁ ብታቆሙት ፊቱ ይጠቁራል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ማይኩን ስለሚመታ፣ ዋናውን ንግግር ጠዋት መጨረስ ይሻላል። በጀልባ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ባለጀልባው ሞተሩን እንዲያጠፋ ለምኑት።

ሁላችሁም እንድታስቡበት አጥብቄ የምፈልገው ግን ይሉኝታን ነው። እኛ ታላቅን አክብረን ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህም ኩራታችን ነው። ነገር ግን ገና አንድ ዓመት ያልሞላው የካሜራ ባለሙያ በዕድሜ የሚበልጠውን ሪፖርተር ላለማቋረጥ ብሎ ድምፁ መበላሸቱን በጆሮ ማዳመጫው እየሰማ ዝም ቢል፣ አክብሮቱ ማንንም አልጠቀመም፤ ቡድኑ የተበላሸውን ነገር ጣቢያው ሲደርስ ያውቃል፣ ገበሬውም ተመልሶ አይገኝም። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ነፋሱ ድምፁን እየበላው ነው፤ ቦታ ቀይረን እንድገመው» ማለት ነውር የለበትም። ኃላፊነቱ የሚከብደው ግን በታላቁ ላይ ነው። ልጁ እንዲህ ሲል ፊታችሁን ካጨማደዳችሁ ሁለተኛ አይናገራችሁም፤ «ጎበዝ፣ እሺ» ካላችሁት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛ ዓይንና ሁለተኛ ጆሮ አገኛችሁ። እናንተም ነገ ታላቅ ትሆናላችሁና ይህን ከአሁኑ ያዙት።

ስምሪት የሚያወጣውም ሰው ሊያስብ የሚገባው ነገር አለ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ወዳሉ ሴቶች ወደማይገቡባቸው የደሴት ገዳማት ሪፖርተሯን ከላኩ በኋላ ጀልባው ላይ መጨቃጨቅ እርሷንም መነኮሳቱንም ማስቸገር ነው። እርሷ ዘገባውን ዘጌ ላይ ሴቶች ከሚገቡበት ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ልትጀምረው፣ ወንድ ባልደረባዋ ደግሞ የደሴቱን ክፍል ሊቀርጽላት ይችል ነበር፤ ይህ የሚወሰነው ግን ከዋዜማው ነው።

ጽሑፉን የሚያርመው ተረኛ አዘጋጅ የመጀመሪያው ተመልካች ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሆኖ ሳለ፣ «በዓለም ቅርስነት» ተብሎ ተጽፎ ሲመጣ የሚይዘው እርሱ ነው፤ ጥድፊያ ላይ ያለ ሪፖርተር ሁለቱን በቀላሉ ያምታታቸዋል። ታዲያ የተስተካከለለት ሰው ማመስገን እንጂ ማኩረፍ አይገባውም። አዘጋጁም ቢሆን ሪፖርተሩን ሳይጠይቅ ዓረፍተ ነገር አይቀይር፤ ቦታው ላይ የነበረው ሪፖርተሩ ነውና።

ኤዲተሩ ጋ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያልተጻፈ ጽሑፍና ያልተለየ ምስል ይዛችሁ አትግቡ። የትኛው ንግግር በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ በመኪና ስትመለሱ ጻፉ፤ የተናጋሪውን ስም ከራሱ አፍ እንደሰማችሁት፣ የአባቱን ስምና ኃላፊነቱን ጨምራችሁ መዝግቡ። ስሙ ተሳስቶ ስክሪን ላይ የወጣበት ሰው ቀሪውን ዘገባ አያምንም። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በስልክ ብቻችሁን እንደምትቀርጹና እንደምታቀናብሩ አውቃለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ጽሑፉን ከመተላለፉ በፊት ሌላ ሰው ያንብብላችሁ።

ሥራችሁን የሚረከብ ሌላም ሰው አለ፤ እርሱን ግን ላታውቁት ትችላላችሁ። በማኅደር ውስጥ «ጣና ዳርቻ» የሚል ብቻ የተጻፈበት ምስል ከዓመታት በኋላ አረሙ የት ድረስ እንደነበር ለማነጻጸር የሚፈልግን ባለሙያ ምንም አይጠቅመውም። አረሙ በነፋስ እየተገፋ ቦታ ይቀይራል፤ ውሃውም በክረምት ሞልቶ በበጋ ይሸሻል። ስለዚህ ወረዳውንና ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ካሜራው ወደየት አቅጣጫ ዞሮ እንደነበርና የቀረጸውን ባለሙያ ስም ሳትጽፉ ፋይሉን አታስረክቡ።