የህፃናት ማሳደጊያ ከመርዳታችሁ በፊት የሌሊቱን ተረኛ ጠይቁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቻለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ካሉ ጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ አዲስ አበባ ያለ አንድ የህፃናት ማሳደጊያ በየወሩ ልትረዱ አስባችኋል። አብዛኞቹ ልጆች ከ3 ዓመት በታች ናቸው። ለፋሲካ ስትመጪ ሄደሽ ታያለሽ። "ምን ልይ? ምንስ ይዤ ልሂድ?" ነው ያልሽው። እኔ ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ባሉ ቤቶች ለዓመታት ሠርቻለሁ። መልሴ ረዘም ይላልና ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ስትገቢ ግቢውን ያስጎበኙሻል። ግድግዳው ላይ ስዕል አለ፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ልጆቹ ታጥበው ቅባት ተቀብተዋል። ደስ ይላል። ግን ይሄ ሁሉ የቀን ነገር ነው። ቀን ቀን ምግብ አብሳይዋ አለች፣ ፀሐፊዋ አለች፣ በጎ ፈቃደኛም ይመጣል። የሚያለቅስ ልጅ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። አንቺ ስለ ሌሊቱ ጠይቂ። "ማታ ስንት ሞግዚቶች ያድራሉ? ለስንት ልጅ?" በይ። ከዚያ የተረኛ ሰሌዳውን እንዲያሳዩሽ ለምኚ። በአፍ የሚነገረውና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ለምን መሰለሽ? አንዲት ሞግዚት አንድ ክፍል ሙሉ ጨቅላ ይዛ ብቻዋን አደረች እንበል። ሌሊት ሦስቱ እኩል ለወተት ነቁ። አንዱን ታቅፋለች፤ የሌሎቹን ጡጦ በተጣጠፈ ጨርቅ ደግፋ አፋቸው ላይ ታደርጋለች። ክፋት አይደለም፣ ያላት ሁለት እጅ ነው። ግን ተንጋሎ የተኛ ልጅ ወተቱ ትን ቢለው ማን ያየዋል? እሳት ቢነሳስ ስንቱን ይዛ ትወጣለች? ለዚህ ነው ሌሊቱን ደጋግሜ የማነሳው።

ደግሞ ፀጥታ አያታልልሽ። ጎብኚ የጨቅላዎች ክፍል ገብቶ "ሲያምሩ! አያስቸግሩም እኮ!" ሲል ሆዴን ይበላኛል። ጤነኛ ህፃን ሲርበው ያለቅሳል። አልቅሶ አልቅሶ ማንም የማይመጣለት ልጅ ግን ውሎ አድሮ ማልቀሱን ይተዋል። ሌላም አለ። ገና ስትገቢ ሮጦ እግርሽ ላይ የሚጠመጠም፣ "እማዬ" የሚልሽ የ2 ዓመት ልጅ ታገኚያለሽ። እንባሽ ይመጣል፣ አውቃለሁ። ግን በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የማያውቀው ሰው ሲመጣ ትንሽ መፍራት፣ ወደለመደው ሰው መሸሽ አለበት። ሁሉም ሰው እኩል ከሆነበት፣ የእኔ የሚለው ሰው የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ቀጥለሽ ይህን ጠይቂ፦ አንድን ልጅ በሳምንት ውስጥ ስንት የተለያዩ ሰዎች ያጥቡታል፣ ያበሉታል? ሞግዚቶቹስ ምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ? ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ። በሄዱ ቁጥር ልጁ እንደገና ሰው ያጣል።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ሮማኒያ፣ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ጥናት ተቋም ውስጥ የነበሩ 136 ህፃናትን ተከታትሏል። ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ። በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት ከሰው ጋር በመላመድም በአእምሮ እድገትም የተሻለ ለውጥ አሳዩ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያፀደቀው መመሪያም ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቤተሰብ ውስጥ ይደግ ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው የአገራችን የአማራጭ ክብካቤ (ከወላጆቹ ጋር ላልሆነ ልጅ የሚደረግ አያያዝ) መመሪያም ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለውጭ አገር ሰው ጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ መውጫው እዚሁ ነው፦ ዘመድ፣ ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ አደራ ቤተሰብ ወይም የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ። ስለዚህ "ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ቤተሰብ ገባ?" ብለሽ ጠይቂ። ማህበራዊ ሠራተኛ ካላቸውና የእያንዳንዱ ልጅ ፋይል ካለ መልሱ ቶሎ ይመጣል። መልሱ "እኛ እኮ ቤተሰባቸው ነን" ብቻ ከሆነ እኔ ገንዘቤን አልሰጥም።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የዱቄት ወተት የሚበጠበጥበትን ቦታ እይ። ውሃው ፈልቶ፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ነው ዱቄቱ የሚገባው፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ለልጁ ይሰጣል። ከተበጠበጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋል። "ለሌሊት" ተብሎ ከምሽቱ የተበጠበጠ ጡጦ ተደርድሮ ካየሽ፣ ተቅማጡ የት እንደሚጀምር አወቅሽ። በረኪናና ላምባ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ወለል ላይ ይቀመጣል። ይሄ በየቤታችን ያለ አመል ነው፤ ግን ለሚዳህ ልጅ ሃይላንድ ማለት ውሃ ነው። ውሃ የሞላ ባልዲ ወይም ሳፋ ካለም ልብ በይ። ገና መቆም የጀመረ ልጅ በጭንቅላቱ ከወደቀበት ራሱን ማውጣት አይችልም። በብርድ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ከሰል ይቀጣጠል እንደሆነም ጠይቂ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ጨቅላ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው። ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አያስፈልገውም፤ ከበረደ ልብስ ይደረብለት።

ስለ ጤናው ብዙ አልልም። የክትባት ካርድና የክብደት መዝገብ ይኑር። ከ6 ወር በላይ ያሉት ምግብ እንዳላነሳቸው ለማወቅ የላይኛው ክንዳቸው ዙሪያ በየጊዜው ይለካ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

አንድ የምትናደጂበት ነገር ልጨምር፦ ራስሽንም ይፈትሹሽ! መታወቂያ ሳይጠይቁ፣ ሠራተኛ ሳይከተልሽ ልጆች ክፍል ካስገቡሽ ጥሩ ምልክት አይደለም። አንቺን እንዲህ ያስገቡ ሌላውንም ያስገባሉ። ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቂ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ህፃናትን በሚያሳድጉ ተቋማት ውስጥ አካላዊ ቅጣትን ይከለክላል። "ትንሽ ቆንጠጥ ነው" የሚል መልስ አይሠራም። ፎቶውንም ተይው። የልጁን ፊት ለጥፎ ገንዘብ መሰብሰብ ዛሬ ቀላል ነው፤ ልጁ አድጎ ሲያየው ነው የሚከብደው።

ስጦታውን በተመለከተ፣ ሻንጣ ሙሉ ልብስ አትሸከሚ። ልብስ ሁሉም ያመጣል። ከረሜላ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ ለእነዚህ ልጆች ጉሮሮ አደገኛ ናቸው። ለእንግዳ ቡና ተፈልቶ ፈንድሻ ሲበተንም ትንንሾቹ እንዳይለቅሙ አደራ። እኔን ከጠየቅሽኝ ከጓደኞችሽ ጋር ተማክራችሁ የአንዲት ተጨማሪ የሌሊት ሞግዚት ደመወዝ ቻሉ። ግን ቢያንስ ለአንድ ዓመት በጽሑፍ ተዋዋሉ። ገንዘቡ በሦስተኛው ወር ከቆመ ሞግዚቷ ትሄዳለች፣ የለመዷት ልጆች ይጎዳሉ። ያን ያህል መዝለቅ ካልቻላችሁ የሳሙናና የዳይፐር ወጪ ሸፍኑ። እሱን ሌላ ሰው መተካት ይችላል።