መልስ፦ ከለንደን የሙዚቃ ሸክላ ሳዝ ጀርመን ላይ እከፍላለሁ ወይ?

ከለንደን ያየኸው የ40 ፓውንድ ሸክላ ጀርመን ሲገባ ያስከፍላል ወይ ላልከው፣ አዎ ወንድሜ፣ ያስከፍላል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታለች፤ እስከ 22 ዩሮ ያለ ታክስ ይገባ የነበረውም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 ቀርቷል። 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለብህ፣ እሱም የሚሰላው በሸክላው ዋጋ ብቻ ሳይሆን መላኪያው ተደምሮበት ነው። ያገለገለ መሆኑ አያድንህም። ሻጩ ታክሱን እዚያው ስትከፍል ከተቀበለህ (እስከ 150 ዩሮ ለሚያወጣ ዕቃ ይቻላል) ደረሰኙን ያዝ፣ አለዚያ ፖስተኛው በር ላይ ታክሱንም የፖስታ ድርጅቱን የአገልግሎት ክፍያም ይጠይቅሃል፣ እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ሁለተኛው ነው። «ስጦታ ብለህ ላክልኝ» የሚሉትን ዘዴ ተወው፣ በገንዘብህ ገዝተህ ምን ስጦታ አለ! ይልቅ ያንኑ ሸክላ ፓሪስ ያለ ሻጭ ካለው፣ ትንሽ ቢወደድም ከሱ ግዛ፣ ጉምሩክ የሚባል ጣጣ የለበትም።