ለገና ቅዳሴ ሰው ስንጠራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልሳችን

ጥያቄ፦ አብሮ አደጌ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዐሥር ዓመት ሊሆነው ነው። ለገና ሌሊት አብሮኝ እንዲያስቀድስ ልጠይቀው አስቤያለሁ። እምቢ እንዳይለኝ ምን ብዬ ልጀምር? (ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ በገና ሌሊት አይጀምሩ። ሌሊቱ እጅግ ያምራል፤ ለጠፋ ሰው ግን ከሁሉ የከበደ በር እሱ ነው። ቅጥሩ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ ቅዳሴው በሌሊት ስለሆነ ብርዱ አይጣል ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጓደኛዎ ዐሥር ዓመት የሸሸውን የሰፈር ሰው በአንድ ሌሊት ማግኘቱ ነው። «የት ጠፍተህ ነው?» ሦስት ጊዜ ከተባለ አራተኛውን አይጠብቅም።

ቀስ ብሎ የሚያስገባ መንገድ አለ። ከልደት በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ ከ21 እስከ 27 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራሉ። በ2019 ዓ.ም. ለምሳሌ ስብከት ታኅሣሥ 11፣ ብርሃን 18፣ ኖላዊ 25 ይሆናል፤ ገና ደግሞ ሐሙስ 29። ለጓደኛዎ እኛ የምንመርጠው ኖላዊን ነው። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው፤ የዕለቱ ወንጌልም ዮሐንስ 10፣ የመልካሙ እረኛ ቃል ነው። ጠፍቶ ለከረመ ሰው ከዚህ የተሻለ ስብከት እርስዎም እኛም የለንም፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ ሌላ አይጨምሩበት። በሥራ ቀን ግን አይሞክሩ። በጾመ ነቢያት የአዘቦት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚገባ ቢሮ ለሚውል ሰው አይመችም።

አጠራሩን በተመለከተ «አንድ ቀን እንሂድ እንጂ» ግብዣ አይደለም፤ የኛ ሰው «እሺ፣ እግዜር ያውቃል» ብሎ የሚያልፈው ነገር ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና መገናኛውን ቆርጠው ይንገሩት፦ «እሑድ ኖላዊ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ደጅህ እመጣለሁ፤ ስንወጣ የጾም ፉል እጋብዝሃለሁ።» መቼ እንደሚያልቅም ይንገሩት፤ ሰው ማብቂያውን የማያውቀውን ነገር ይፈራል።

ሁለት ያልተነገሩ ፍርሃቶች አሉ። አንዱ ነጠላ ነው። ላጤ ሰው ንጹሕ ነጠላ ላይኖረው ይችላል፤ ይህንንም አይነግርዎትም። ትርፍ ነጠላ ይዘው ይሂዱና መንገድ ላይ ያልብሱት። ሁለተኛው ቁርባን ነው። ብዙ ሰው ንስሐ ሳይገባ ደጁን መርገጥ የማይችል ይመስለዋል። ሳይቆርቡ ቆሞ ማስቀደስ እንደሚቻል አስቀድመው ይንገሩት። የንስሐ አባት ነገር እሱ ሲያነሣ ይደረስበታል።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ አሜሪካዊት ናት። «የእናንተን ገና ማየት እፈልጋለሁ» ብላኛለች። እኔ ወንድ ነኝ፣ ላጤም ነኝ። ምን ምን ልንገራት? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ በውጭ አገር ግብዣ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። እርስዎ በእኛ አቆጣጠር «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ቢሏት እሷ በራሷ ሰዓት ማታ 8 ላይ፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ትደርስና ስድስት ሰዓት ሙሉ ትጠብቅዎታለች። ቀኑም እንዲሁ ነው። «ጃንዋሪ 7» ካሏት የምትመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። «ጃንዋሪ 6 ማታ» ይበሏት። በማግስቱ ሥራ ካለባት ፈቃድ የምትጠይቅበት ጊዜ እንዲኖራት ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ይንገሯት።

ቀጥሎ ማኅሌቱን ወይስ ቅዳሴውን? ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትመጣ እንግዳ እኛ ማኅሌቱን እንመክራለን። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ያለው እዚያ ነው፤ ቢደክማት መሐል ላይ ወጥታ ትሄዳለች። ቅዳሴ ግን ከተገባበት ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሳይል አይወጣም። ሁለቱንም ማየት ከፈለገች አስቀድመው ለደብሩ አስተዳዳሪ ይደውሉ። ከምንባቡ በኋላ ንዑሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ያልተጠመቁት፣ እንዲወጡ የሚታወጅበት ሥርዓት አለ፤ አጥቢያው እንግዶችን እንዴት እንደሚያስተናግድ ቀድሞ መጠየቅ እዚያ ከማፈር ያድናል።

አሁን ወደ እርስዎ ችግር እንምጣ። ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ ስለሚቆም በር ላይ ትለያያላችሁ። ያመጣትን ሰው አጥታ በማታውቀው ቋንቋ መሐል ብቻዋን ከቆመች ሁለተኛ አትመጣም። እኅትዎን፣ የጓደኛዎን ሚስት ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት አንዲት እንግሊዝኛ የምትችል ልጅ አስቀድመው ያስተዋውቋት። አለባበሱንም እሷው ትንገራት፦ ከጉልበት የወረደ ሰፊ ቀሚስ፣ የራስ መሸፈኛ ነጠላ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ። ጫማው ሲወጡ እንዳይጠፋ በፌስታል ይዞ መግባት ይሻላል። ሴት በወር አበባ ጊዜ ወደ ውስጥ እንደማትገባ፣ በቅጥሩ ሆና እንደምታስቀድስም ሴት ለሴት ቢነጋገሩት ይቀላል፤ ውጭ የቆመችን ሴት «ለምን አትገቢም?» ብላ እንዳትጠይቅም ይረዳታል።

ቁርባኑን በር ላይ ሳይሆን ከቤት ሳትወጣ ይንገሯት። በእሷ ቤተ ክርስቲያን እንግዳም የሚቀበል ከሆነ ተሰልፋ ቄሱ ፊት ትደርሳለች፤ ያኔ መመለስ ለሁለቱም ያሳፍራል። ለእኛም ቢሆን ንስሐ ገብቶ፣ 18 ሰዓት ጾሞ መሆኑን ቢያስረዷት እንዳገለሏት አይሰማትም። ከግዕዙ ሦስት ነገር ብቻ ይተርጉሙላት፦ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል የተቀመጠ ይነሣል፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ» አቤቱ ይቅር በለን ነው፣ «ስግዱ» ሲባል ሕዝቡ በአንዴ ወደ መሬት ስለሚወርድ አትደንግጥ። ከዚያ በላይ በጆሮዋ አያንሾካሹኩ። ስልኳ ከቦርሳ አይውጣ።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ የገና ጥሪ ወረቀት ያሳትማል፤ የሚመጣው ግን ያው የለመደው ሰው ነው። ጥፋታችን ምንድን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የላካችሁልንን ወረቀት አይተነዋል። ግማሹ ወረቀት ሥዕል፣ ሩቡ ጥቅስ ነው፤ ሰዓቱ ከታች በደቂቅ ፊደል ተጽፏል። «በደማቅ ሁኔታ ይከበራል» የሚለው መስመር ለማንም ምንም አይነግርም። የማያውቅ ሰው የሚፈልገው በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ታክሲ የት እንደሚያወርደው፣ ማኅሌቱም ቅዳሴውም በስንት ሰዓት እንደሚጀመርና ሌሊት እንዴት ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ መመለሻ የሌላት ሴት በሌሊት አትመጣም። ባለ መኪና አባላት በየሠፈሩ የሚያደርሱ ከሆነ ያንን በትልቁ ጻፉት። ወረቀቱ በዋዜማው ከታደለ ደግሞ ሰው ፕሮግራሙን ይዞ አድሯል። ጾሙ ኅዳር 15 ሲገባ ጀምራችሁ ሦስቱን እሑዶች ጭምር አካታችሁ አድሉት። በር ላይም ሁለት ልጆች ይመደቡ፤ ሥራቸው ዐይን አውጥቶ መቆም ሳይሆን ግራ የገባውን ሰው ቦታው ድረስ መውሰድ ነው።

የአምናውን ፋይል ከፍታችሁ ዓመቱን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ያንን ዓመት «ታኅሣሥ 28 ማታ» ብሎ የጠራ እንግዳውን በበዓሉ ማምሻ ባዶ ደጅ ያቆመዋል።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ጎረቤቴን ለገና መጥራት እፈልጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ነዪ ማለት ያስቀይማት ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ ለማዕዱ ይጥሯት፤ ስለ ቅዳሴው እሷ ከጠየቀች ያኔ ይነጋገራሉ። የክርስቲያን እርድ ስለማትበላ ዶሮዋን የራሷ ቤተሰብ እንዲያርድ ቀድመው ይነጋገሩ፤ ካልሆነም ምስርና ጎመኑን ሥጋ ባልነካው ድስት ለብቻ ይሥሩላት። ጠላና ጠጁ ይቅር፤ ያልፈላ ብርዝ ወይም ለስላሳ ያቅርቡላት። ቡናውን ግን እሷ ሳትደርስ አይቁሉት።