ሞላ ከመቀየርህ በፊት

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ቶዮታ 86 አለህ። ሥራ የምትመላለሰውም፣ እረፍት ስታገኝ ጠመዝማዛ መንገድ ፍለጋ የምትወጣውም በእሷው ነው። ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል የሞላና የአሞርዛተር ጥምር)፣ 19 ኢንች ቸርኬና ወፍራም ስታቢላይዘር ባር (ኩርባ ላይ እንዳትዘነብል ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ብረት) በአንድ ዙር ልታስገባ አስበሃል። ባለቤትህ ደግሞ «አሁንም ቢሆን ወገቤን ጨርሳዋለች» ብላሃለች። ኩርባ ላይ እንድትይዝ፣ ግን ሰው እንዲቀመጥባት ከየት ልጀምር ነው ያልከው።

በአጭሩ፦ ከጎማ ጀምር። ቀጥሎ አሞርዛተር፣ የሞላውን ውዝዋዜ የሚገታው ዕቃ። ሞላና ከፍታ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። 19ኙን ቸርኬ እርሳው። ጊዜ ካለህ ምክንያቱን ልዘርዝርልህ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከኋላ ወደፊት ነው። የገዛኋት ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የቀድሞ ባለቤቷ ያልነካካው ነገር አልነበረም። ዝቅ ተደርጋለች፣ ሞላዋ ደርቋል፣ ጎሚኒዋ (ብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎማ) በሙሉ በፖሊዩሪቴን፣ በጠንካራ ፕላስቲክ፣ ተቀይሯል፣ ቸርኬዋ ትልቅ ነው። ቆማ ስትታይ አሪፍ ናት። ትንሽ የተቦረቦረ አስፋልት ላይ ስትገባ ግን መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ኩርባ መሀል ጉብታ ካጋጠማት ወደ ጎን ትዘላለች። ስለዚህ የኔ ሥራ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ሆነ። አንዱን አውጥቼ የፋብሪካውን እመልሳለሁ፣ ትንሽ እነዳታለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እንዲህ ሲሆን የትኛው ዕቃ ምን እንደሚያመጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁሉንም በአንድ ቀን ካስገባህ ግን የቱ እንደጠቀመህ፣ የቱ እንደጎዳህ መለየት አትችልም።

ብዙ ሰው «ደረቅ መኪና መንገድ ይይዛል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ጎማ የሚይዘው መሬት ሲነካ ነው። የውድድር ሜዳ አስፋልት ልሙጥ ስለሆነ እዚያ ደረቅ ሞላ ያዋጣል። የዘወትር መንገድ ግን ስንጥቅ አለው፣ የተለጣጠፈ ጥገና አለው፣ ጉድጓድ አለው። ሞላው ከልክ በላይ ሲደርቅ ጎማው ጉብታውን መከተሉን ትቶ ይዘለዋል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይሰማም። ስለዚህ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ምቾትና አያያዝ አይጣሉም። ሁለቱም የሚፈልጉት ጎማው መሬቱን እንዲከተል ነው። የሚጣሉት ከዚያ ደረጃ በኋላ ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚፈሰውም እዚያ ላይ ነው።

ጎማው ላይ ትንሽ ልቆይ። 86 እ.ኤ.አ. በ2012 ስትወጣ በብዙ ገበያዎች የቀረበችው በ215/45 አር 17 ጎማ ነበር። ጎማው ደግሞ ሚሸሊን ፕራይመሲ የሚባለው ረጋ ያለ የመንገድ ጎማ ነው። ቶዮታ የተሻለ ጎማ አጥቶ አይደለም። በመጠነኛ ፍጥነትም ቢሆን ትንሽ እንድትንሸራተት፣ ነጂውን እንድታጫውት ታስቦበት ነው። ለአንተ ይህ ማለት ያልተነካ ትርፍ ተቀምጦልሃል ማለት ነው። ያንኑ ቸርኬ ሳትቀይር፣ በዚያው መጠን ጥሩ የስፖርት ጎማ ብታደርግባት ኩርባ ላይና ፍሬን ስትይዝ የምታየውን ልዩነት ከሞላ አታገኘውም። ወገብም ብዙ አይጎዳም።

አሁን የ19ኙን ሂሳብ እንይ። 215/45 ማለት ጎማው 215 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ የጎኑ ቁመት ደግሞ የስፋቱ 45 በመቶ ነው፤ ወደ 97 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ዙሪያው እንዳይለወጥ ብለህ 19 ላይ 215/35 ብታደርግ ጎኑ 75 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ጎማ ሄደ። ያ ጎማና ውስጡ ያለው ንፋስ የመኪናዋ የመጀመሪያው ሞላ ነው። ጉድጓድ ስትገባ ቸርኬውን ከመጣመም የሚያድነውም እሱ ነው። ትልቅ ቸርኬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል። ይህ ክብደት ከሞላው በታች ያለ ክብደት ነው፤ ከጎማው ጋር አብሮ ወደላይና ወደታች የሚመታ፣ አሞርዛተሩ ሊገራው የሚታገለው። መልክ ካማረህ 18 ላይ ቁም። 215/40 አር 18 ዙሪያው ከፋብሪካው ጋር ይቀራረባል፣ 86 ሚሊ ሜትር የጎማ ጎንም ይቀርልሃል። ቸርኬውን ስትመርጥ ደግሞ ከቀለሙ በፊት ሚዛን ላይ አስቀምጠው።

ንፋሱንም እንዳትረሳ። የነጂው በር አካባቢ የተለጠፈው ቁጥር አለ፤ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ በሱ ልክ አድርገው። ጎሚስታው በግምት ሞልቶት ስንት ሰው «መኪናዬ ደረቀች» ብሎ ሞላ ሊቀይር ይሄዳል መሰለህ።

ወደ አሞርዛተር ልምጣ፤ ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። ሞላ ይሸከማል፣ አሞርዛተር ይገራል። በደንብ የተገራ ጠንካራ ሞላ፣ ካልተገራ ለስላሳ ሞላ ይሻላል። በኤምኤክስ-5ዋ ላይ ካየኋቸው ለውጦች ሁሉ ትልቁ የመጣው አሞርዛተሩን ከሞላው ጋር በሚስማማ ስቀይረው ነው። ሞላው ያው ደረቁ ነበር፤ ግን መዝለሏ ቀረ።

የአሞርዛተር ሰዎች «ዝቅተኛ ፍጥነት» እና «ከፍተኛ ፍጥነት» ሲሉ የመኪናውን ፍጥነት ማለታቸው አይደለም። የአሞርዛተሩ ዘንግ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ፍጥነት ነው። መሪ ስታዞር፣ ፍሬን ስትይዝ ዘንጉ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። የአስፋልት ስንጥቅ ስትመታ ግን ብልጭ ብሎ ይገባል። ጥሩ አሞርዛተር በዝግታው ጊዜ ጠንከር፣ በፈጣኑ ጊዜ ለቀቅ ይላል። ስለዚህ ኩርባ ላይ መኪናዋ አትዘፈዘፍም፣ ስንጥቁም አጥንት ድረስ አይሰማም። ርካሽ ኮይልኦቨር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው። ከፍታ ማስተካከያው፣ ቀለሙ፣ 30 ደረጃ ያለው የድርቅና ማስተካከያ መዘውሩ ሁሉ አለ፤ ውስጡ ያለው ቫልቭ ግን ሁሉንም ነገር በአንድ ዓይነት ድርቅና ነው የሚቀበለው።

መዘውሩን በተመለከተ፣ በብዙ ዕቃዎች ላይ በዋናነት የሚነካው ዘንጉ ሲወጣ ያለውን ኃይል ነው። ሰው «ስፖርት ትሁንልኝ» ብሎ ያጠብቀዋል። ከልክ ሲያልፍ ጎማው ከጉብታው ወርዶ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሁለተኛው ጉብታ ይደርስበታል። ተከታታይ ጉብታ ላይ መኪናዋ ቀስ በቀስ እየወረደች፣ እያጠረች ትሄዳለች፤ የቀራትን እንቅስቃሴ ትጨርስና መምታት ትጀምራለች። ከውስጥ ሆነህ «ሞላው ደረቀ» ትላለህ። ሞላው ምንም አላደረገም። መዘውሩን እስከ መጨረሻው ካጠበቅክ በኋላ እየቆጠርክ ልቀቀው፣ ቁጥሩን ጻፈው፣ ከለስላሳው በኩል ጀምረህ የምታውቀው አንድ መጥፎ መንገድ ላይ ንዳ። መኪናዋ ከጉብታ በኋላ ሁለቴ ሦስቴ ስትንሳፈፍ ከተሰማህ ትንሽ አጥብቅ። አንድ ጊዜ ብቻ ተነስታ ስትረጋ እዚያው ተወው።

ሞላ ስትመርጥ «8 ኪሎ ነው፣ 6 ኪሎ ነው» የሚለው ቁጥር (ሞላውን አንድ ሚሊ ሜትር ለመጫን የሚያስፈልገው ክብደት) ብቻውን ምንም አይነግርህም። በመኪናው ክብደትና ሞላው በተቀመጠበት ቦታ ይወሰናል። ሞላው ከጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጎማው 10 ሲንቀሳቀስ እሱ 7 ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጥንካሬ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የ86 ፊት ማክፈርሰን (አሞርዛተሩ ራሱ ጎማውን አቁሞ የሚይዝበት አሠራር) ስለሆነ ሞላው ከጎማው ጋር እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይንቀሳቀሳል፤ የኋላው ሌላ ዓይነት አሠራር ነው። ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አያስኬድም። የተሻለው መለኪያ አካሏ ሞላው ላይ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው። ለምቾት የተሠራ መኪና ከ1 እስከ 1.5 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ስፖርት የሚባሉት ከ1.5 እስከ 2። ለየዕለቱ መኪና ከ2 በታች መቆየት ይሻላል። ሻጩ ሄርዙን ማስላት ካልቻለ ወይም ጥያቄው ካናደደው ሌላ ሻጭ ፈልግ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀነራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ ያወጣው ሐሳብ እስካሁን ይሠራል። ጉብታን ቀድሞ የሚያገኘው ፊት ነው፤ ኋላ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ኋላው ከፊቱ ትንሽ ፈጠን ብሎ የሚወዛወዝ ከሆነ ይደርስበትና አካሏ አፍንጫዋን ሳትነቀንቅ እኩል ትወጣለች፣ እኩል ትወርዳለች። ተሳፋሪ የሚያቅለሸልሸው ያ መነቅነቅ ነው። ፊቱን ብቻ አድርቀህ ኋላውን ብትተወው ይህን ሚዛን ታፈርሰዋለህ።

ከፍታ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል ብል ማጋነን አይሆንም። ዝቅ ስታደርጋት ክብደቷ ወደ መሬት ይቀርባል፤ ይህ ጥሩ ነው። ግን ማክፈርሰን ላይ የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ወደላይ ሲያዘነብል፣ መኪናዋ የምትዘነብልበት ማዕከል ከክብደቷ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ውጤቱ፣ በዚያው ሞላ 40 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለች መኪና ኩርባ ላይ ከበፊቱ ይልቅ ልትዘነብል ትችላለች። ያንን ለማካካስ ሞላ ታደርቃለህ፣ ያን ጊዜ ወገብ ይመጣል። ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ላይ ብትቆም ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትድናለህ።

ሁለተኛው ነገር እንቅስቃሴ ነው። ዝቅ ባለች ቁጥር ዘንጉ መጨረሻው ላይ ያለውን ማቆሚያ ጎማ እስኪመታ የሚቀረው ቦታ ያጥራል። ብዙ ዝቅ ያሉ መኪኖች ኩርባ ላይ የሚቀመጡት ሞላው ላይ ሳይሆን ማቆሚያው ላይ ነው። የአንተን ለማየት ፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ያ ኬብል የሚታሰርበት ቀጭኑ፣ አምጣ። በአሞርዛተሩ ዘንግ ዙሪያ አስረው፤ ጠበቅ ይበል፣ ግን በጣት ሲገፉት ይንሸራተት። ወደ አሞርዛተሩ አካል ጥግ ድረስ ግፋውና የዘወትር መንገድህን ንዳ። ስትመለስ ማሰሪያው የቆመበት ቦታ ዘንጉ ከገባበት ሁሉ ጥልቁ ነው። ማቆሚያው ላይ ተለጥፎ ካገኘኸው ሞላ ከመግዛትህ በፊት ከፍ አድርጋት። ቦታ ከተረፈ ደግሞ ያለው ሞላ በቂ ሊሆን ይችላል።

ስታቢላይዘር ባር ላይ ብዙ አልልም። ጥንካሬው የሚያድገው ውፍረቱን አራት ጊዜ ጽፈህ እርስ በርስ ስታባዛው በሚመጣው ልክ ነው፤ ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ብትሄድ ወደ 46 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱም ጎማ እኩል ሲመታ አይሰማህም። አንዱ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ግን ወደ ሌላኛው ያስተላልፈዋል፣ ጭንቅላትህ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ኋላ የሚገፋ መኪና ላይ የኋላውን ብቻ ማወፈር ደግሞ ዝናብ ላይ ጅራቷን ያቀልልሃል። በመጨረሻ፣ ካስፈለገ ብቻ፣ በትንሹ።

ጎሚኒ ስትቀይር ፖሊዩሪቴን አይቅደምህ፤ አዲስ የፋብሪካ ጎማ ጎሚኒ አርጅታ የላላችን መኪና ምን ያህል እንደሚያጠብቃት ያስገርማል፣ ድምፅም አያመጣም። ግን መካኒኩ አጠገብ ቁም። መኪናዋ ተንጠልጥላ እያለች ቡሎኑን ካጠበቀው፣ መሬት ስታርፍ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀራል። ቶሎ ይቀደዳል፣ እስኪቀደድም እንደ ተጨማሪ ሞላ እየሠራ ያደርቃታል። ቡሎኑ የመጨረሻ የሚጠብቀው ክብደቷ ጎማዋ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል) ከፍታው ከተነካ ግዴታ ነው። ፊት ላይ ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ኔጋቲቭ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበል) ለየዕለት መንገድ ይበቃል፤ ቶው (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ወደ ዜሮ የቀረበ ይሁን፣ ጎማን ቶሎ የሚበላው እሱ ነውና። ፍሬን ላይ አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይትና የመንገድ ሸራ በቂ ነው፤ የውድድር ሸራ ሲቀዘቅዝ ደካማ ነው፣ ያፏጫልም። ማርሚታውን ልትቀይር ካሰብክ በ3,000 ዙር ላይ ሲያጉረመርም አዳምጠው፤ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር እዚያ ላይ 100 ሄርዝ ነው የሚያወጣው፣ ረጅም መንገድ ላይ ራስ የሚያሳምመው እንዲህ ያለው ወፍራም ድምፅ ነው። ባለቤትህ ከሞላው በፊት በዚህ ነው የምትጣላህ።

ቸርኬውን ካዘዝከው ትዕዛዙን መሰረዝ ይቻል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቅ። ካልተቻለ ጎማ ስትገዛ የመሸከም አቅሙ ቁጥር ከፋብሪካው እንዳያንስ አረጋግጥ። ቀጭን ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከፍ ያለ ንፋስ ሊፈልግ ስለሚችል የአምራቹን ሠንጠረዥ እይ። የድሮዎቹን 17ቶች ግን አትሽጣቸው።