ማለስለሱ የማን ሐሳብ ነበር?

ባንድ ላላችሁ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተው አንዱ ስቱዲዮ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ሙዚቃችንን ብናለሰልሰው ሰው ለገንዘብ ተሸጡ ይለናል?" አለኝ። ሥራ ይዞኝ ስለነበር የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም። መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

በ1991 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ነበረችኝ። አንድ ማታ ከእሷ የክር ድምፅ ሰማሁ። ክራር መሰለኝ። የያዝኩትን የመኪና ቁልፍ አስቀምጬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ማንዶሊን ነው፤ ትንሽ ጊታር የምትመስል የክር መሣሪያ። ዘፈኑ አር ኢ ኤም የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ "ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን" ነበር፤ ቃል በቃል "ሃይማኖቴን ሳጣ" ማለት ነው። እኔና ጓደኞቼ ከርዕሱ ተነስተን ሃይማኖቱን ስለተወ ሰው የሚያወራ መስሎን ነበር። ለካ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ የሚባለው ሰው ትዕግስቱ ሲያልቅ ነው።

እነዚህ አራት ልጆች በ1980 ጆርጂያ ውስጥ አቴንስ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ የጀመሩ ናቸው። መጀመሪያ የተጫወቱት አገልግሎት ባቆመ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ዘፋኙ ማይክል ስታይፕ ግጥሙን ስለሚያጉረመርመው ምን እንዳለ ለመስማት ይከብድ ነበር። ዘፈናቸውን የሚያጫውቱላቸው የኮሌጅ ሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ። በ1988 ከትንሹ አሳታሚያቸው ወጥተው ከዋርነር ብራዘርስ ጋር ፈረሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ የማንዶሊን ዘፈን አሜሪካ ውስጥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ፣ አልበሙ ደግሞ አንደኛ ወጣ። የጥንት አድናቂዎቻቸው አንዳንዶቹ ተቀየሙ። "አለቀላቸው፣ ተሸጡ" ተባለ።

እኔ ግን ዘፈኑ እንዴት እንደተሠራ ሳውቅ ሌላ ነገር ታየኝ። 1989ን ከመድረክ መድረክ ሲዞሩ ነው ያሳለፉት። ጊታሪስቱ ፒተር በክ የኤሌክትሪክ ጊታር ሰለቸው። ማንዶሊን ገዛ። መጫወት ገና እየተማረ ነበር። ቴሌቪዥን እያየ፣ ቴፑን ክፍት አድርጎ ይለማመዳል። በኋላ ሲያዳምጠው ከዚያ ሁሉ መነካካት መሀል ያቺ ዜማ ተገኘች። ሌሎቹም በዚያ አልበም መሣሪያ ተለዋወጡ። ድራመሩ ቤዝ ያዘ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ኪቦርድ ላይ ተቀመጠ። ደግሞ ዘፈኑን አስተውላችሁ ስሙት፤ ሁሉም አብሮ የሚቀበለው ደህና አዝማች እንኳ የለውም። ሊሸጥ የተነሳ ሰው በማንዶሊን፣ ያለ አዝማች አይመጣም።

ከዚያ በፊት የሆነውንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያ አልበማቸውን ሊቀዱ ሲሰናዱ፣ አሳታሚው ከአንድ ፕሮዲውሰር ጋር አገናኛቸው። ሰውየው ድራመሩን አንዱን ዘፈን ደጋግሞ አስመታው። ቀጥሎ ቴፑን ወስዶ ኪቦርድ ጨመረበት። ልጆቹ አልወደዱትም። እምቢ ብለው ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ሠሩት። በ1983 የወጣው "መርመር" እንዲያ ተገኘ። ያን ጊዜ ማለስለሱን እምቢ ያሉትም፣ በኋላ ያለሰለሱትም እነሱው ናቸው። ሁለተኛው ከራሳቸው ቤት የወጣ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ከዋርነር ጋር ሲፈርሙም የተሻለ ገንዘብ ያቀረቡ ሌሎች ነበሩ። ዋርነርን የመረጡት በሥራችሁ አንገባም ስላላቸው ነው።

እኛስ? ዲሲ ውስጥ አራት ሆነን ባንድ ነበረን። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤት፣ በጋ ሲሆን ሰርግ። አንድ ነጋዴ ካሴት ላሳትማችሁ አለን። ድምፃችሁ ይከብዳል፣ ድራሙን ኪቦርዱ ይምታው፣ ለስለስ ይላል፣ ወጪም ይቀንሳል አለ። እሺ አልን። ድራመራችን በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም፤ ሥራ ላይ ነበር። ካሴቱ ሲቀዳ ሰማ። ካሴቱ ተሸጠ፣ ባንዱ ግን ዓመት አልሞላውም።

ስለዚህ ልጄ፣ ሙዚቃችሁን ማለስለስ ከፈለጋችሁ አለስልሱት። ለስላሳ ዜማ ከከባዱ አያንስም፤ እንዲያውም ስህተት መደበቂያ ስለሌለው ይከብዳል። ግን የባንዱ ልጆች ሁላችሁም በተቀመጣችሁበት ወስኑ። ዘፈኑን በሁለቱም መንገድ ቅዱትና ሳምንት ቆይታችሁ ስሙት። የገንዘቡንም ነገር ዘፈኑ ሳይወጣ ጨርሱ። አር ኢ ኤሞች ዘፈኖቻቸውን በአራቱም ስም ነበር የሚያስመዘግቡት፤ ዜማውን ማንም ያምጣው ማን። ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይኑራችሁ። "እንተዋወቃለን፣ ችግር የለም" የሚላችሁን ሰው በተለይ አስፈርሙት።

የእነሱ ድራመር ቢል ቤሪ በ1997 ወጣ። መድረክ ላይ ታሞ ወድቆ፣ ጭንቅላቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የእኔ መውጣት ባንዱን የሚያፈርሰው ከሆነ እቆያለሁ አላቸው። ሦስቱ ቀጠሉ። የሚቀጥለው አልበማቸው ላይ ድራም ማሽን፣ ያለ ሰው ድራም የሚመታ መሣሪያ፣ አለ። እሱን በሰማሁ ቁጥር ነጋዴው ትዝ ይለኛል።

የእኛ ድራመር ባለፈው ገና አገር ቤት ሲመጣ ስቱዲዮዬ ጠራሁት። ሽበት ወርሶታል። ድራሙ ላይ ተቀመጠ፣ የስኔሩን፣ የፊት ለፊቱን ትንሽ ከበሮ፣ ቆዳ በጣቱ መታ መታ አደረገና ወንበሩን ዝቅ አደረገ። የድሮ ዘፈናችንን አብረን ተጫወትን፤ እኔ በጊታር፣ እሱ በዱላው ፈንታ በድራም ብሩሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ኪቦርዱ ከመታው በጣም ለስልሶ። ሲጨርስ ብሩሾቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"እንዲህ መምታት እኮ ያኔም እችል ነበር" አለኝ። "የጠየቀኝ ሰው የለም።"